ዘጠነኛ «መ» እና የሦስት ደቂቃው ንግግር

  ያደግነው ከሚሴ ነው። ወደዚያው ልንወስዳችሁ ነውና አትቸኩሉ።

ይኸውላችሁ፣ ሰሞኑን የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ የድሮ ፎቶ ለጠፈ። ዘጠነኛ «መ»፣ 2006 ዓ.ም.። ስልሳ ምናምን ልጅ ግድግዳ ጥግ ተደራርቦ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው፣ ግማሹ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግማሹ ከጓደኛው ጭንቅላት ጀርባ ቀንድ በጣቱ ሠርቶ። ከዚያማ ጨዋታው ደራ! «ያቺ ማን ናት?» «አንተ በዚያ ሙቀት ሹራብ ልበስ ያለህ ማነው?» «ይሄ ልጅ አሁን አራት ልጆች አሉት እኮ!» ምሽቱን ሙሉ ስናወራ አመሸንና አንድ ነገር አስተዋልን። ስለ ሒሳብ ያነሣ የለም። ፊዚክስን ያነሣ የለም። ሁላችንም የምናወራው ስለዚያ ዓመት የቋንቋ ክፍለ ጊዜዎች ነበር።

«እኛ» እያልን የምንጽፈው ራሳችንን ለማክበር አይደለም። ያን ዓመት አንድ ሰው ለብቻው ሊያስታውሰው ስለማይችል ነው። የሳቅነው አብረን ነው፤ ያፈርነውም አብረን። ከመካከላችን ጋዜጠኝነት ያጠናችው ኪቦርዱን ስለያዘች ብቻ ታሪኩ የእሷ አይሆንም።

ከሚሴን ለማታውቋት…

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ካለፋችሁ በኋላ፣ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት ቆላማ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ሙቀቱ ሲያቃጥለው ውሃ ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ መሆኗን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ገበያችን ውስጥ ጫማ ሻጩ ዋጋውን በአፋን ኦሮሞ ይጠራል፣ በአማርኛ ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ «ወላሂ አላተርፍበትም!» ብሎ በዐረብኛ ይምላል። እኛም እንዲሁ ነን። እናታችን በአንዱ ትቆጣናለች፣ ጎረቤት በሌላው ይመርቀናል።

ትምህርት ቤት ስንገባ ግን ነገሩ ይለያያል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ ተባለ። ስለዚህ ግማሾቻችን በቁቤ አፋን ኦሮሞ፣ ግማሾቻችን በፊደል አማርኛ ተምረን ስምንተኛን ጨረስን። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኘን። ያገናኘን ማን መሰላችሁ? እንግሊዝኛ! ሁላችንም እኩል የማንችለው ቋንቋ።

ፕላዝማውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የታሰረው ቴሌቪዥን። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ ማንንም አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ እኛ ገና የጥያቄውን የመጀመሪያ ቃል ስንፈልግ ፈገግ ብሎ «ዌል ደን!» ይላል። ምን ሠርተን ነው የተመሰገንነው? እስከ ዛሬ አናውቅም። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋ ነበር። ያን ጊዜ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከመስኮቱ ጥግ ተነሥተው፣ ጠመኔ ይዘው፣ በሁለት ቋንቋ እየተረጎሙ ያስተምሩናል። እውነቱን ለመናገር ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ የተማርነው መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው።

የአማርኛው መምህር

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአማርኛ መምህራችን (ስማቸውን አንጠራም፤ ቢያነቡት ራሳቸውን ያውቁታል) ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ወፍራም ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ገብተው መጽሐፍ አላስከፈቱንም። ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አንድ ድምፅ ከፈቱልን። ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ። በዚያች ትንሽ ስልክ ስልሳ ልጅ ጸጥ አለ። መስማት ያልቻሉት የኋላ ወንበር ልጆች ተነሥተው ወደ ፊት መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ደወል ሲደወል መምህሩ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉት፤ ይህ ሰው ግን አናገረው። በዚህ ዓመት እኛ የምንማረው መናገር ነው።»

በማግስቱ ያ የድምፅ ፋይል ከሜሞሪ ካርድ ወደ ሜሞሪ ካርድ እየተገለበጠ ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሰማነው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ልጆች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ወረቀት ማንበብ የለም። «እምም» ማለት የለም፤ የሚቆጥር ልጅ ይመደባል። አንድ ልጅ በሦስት ደቂቃ አርባ አንድ «እምም» ብሎ ሪከርድ ይዞ ነበር (ዛሬ ነጋዴ ነው፤ አሁንም ዋጋ ሲጠየቅ «እምም…» ነው የሚለው)። መምህሩ የጥንቱን የ«በልሃ ልበልሃ» ሙግት ታሪክ ይነግሩናል። ተሟጋቹ ነገሩን በዜማ እያሰረ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዴት ይከራከር እንደነበር። እኛም ዱላ የለንም ብለን በማስመሪያ እንሰብቅ ነበር።

የአፋን ኦሮሞው መስኮት

በእኛ ክፍል አማርኛን ሁላችንም እንማር ነበር። የአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን በአማርኛ ተምረው የመጡት ይወጣሉ። ነፃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ኳስ መጫወቻ ነው። ታዲያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከወጡት ውስጥ ግማሾቹ ኳሱን ትተው መስኮቱ ሥር መቆም ጀመሩ። ምክንያቱም ውስጥ ሳቅ ነበር! መምህርቷ ሂቦ ያጫውታሉ፤ እንቆቅልሽ ማለት ነው። ተረትና ምሳሌ ያወዳድራሉ። አንዱ «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» እየተባባለ ያደገ ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ መልስ ሲሰጥ «አንተማ ከፍለህ ግባ!» ብለው አባረሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት።

እኚያ መምህርት አንድ ቀን ያሉት እስከ ዛሬ ይገርመናል። «አፋን» ማለት አፍ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ የኦሮሞ አፍ። አማርኛ ደግሞ ልጅ መጀመሪያ የሚናገርበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። ሁለቱም ቋንቋን የሚያዩት አፍ ላይ ነው። «ስለዚህ የሰው ቋንቋ ላይ ስትስቁ የምትስቁት አፉ ላይ ነው» አሉ። እኛ የዚያን ቀን ይህን ደብተር ላይ ጻፍነው። ጽፈነው ዘጋነው።

ሥነ ጥበብ የሚባል ክፍለ ጊዜ አልነበረንም። ጥበቡ የነበረው ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የደከሙ ስፒከሮች። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላና በእረፍት ሰዓት ዜና፣ ግጥም፣ ቀልድ ይነበባል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ክራር ይሞክሩ ነበር። አንድ ቀን አራቱን ቅኝቶች ሲነግሩን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለው ጠሩና «ባቲ የት ናት?» ብለው ጠየቁን። ዝም። «ዞናችሁ ውስጥ!» ለካ ሙዚቀኛው ሁሉ በስሟ የሚቃኝባት ባቲ የእኛዋ ባቲ ናት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገበያይባት። በቴሌቪዥን ስለ ሌላ አገር ብቻ ሲነገር ለለመደ ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሁላችንም ሙዚቀኞች ሆነን ነበር።

የዚያ ዓመት ኅዳር

እስካሁን የነገርናችሁ ደስ ደስ የሚለውን ነው። አሁን ወደማይለው።

2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ተመላሾች ዓመት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ ሰዎች ማባረር ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ይህ ቁጥር ለሌላው ዜና ነው፤ ለእኛ ግን ጎረቤት ነበር። ከሚሴና ዙሪያዋ «ዐረብ አገር» ያልላከ ቤት መፈለግ ያደክማል። በዚያ ሰሞን ከአውቶቡስ ላይ በአንድ ፌስታል የሚወርዱ ሴቶች እናይ ነበር። ሰላም የሚሏቸው ዘመዶች አቅፈዋቸው ያለቅሳሉ፤ እነሱ አያለቅሱም። ዝም ብለው ይቆማሉ።

የአማርኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። «ስደት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ክፍሉን ለሁለት ከፈሉ። የቀኙ ረድፍ ይጠቅማል ይላል፣ የግራው ይጎዳል። የግራዎቹ ዕድለኞች ነበርን! ከሬዲዮ የሰማነው ሁሉ በእኛ ወገን ነው። «ክብራችን ተዋርዷል»፣ «ሠርቶ በአገር መለወጥ»፣ «የወጣቱ የተሳሳተ አመለካከት»… ቃላቱ ተዘጋጅተው የቀረቡ ናቸው። ወጣን፣ ደነፋን፣ ማስመሪያ ሰበቅን፣ ተጨበጨበልን።

ከቀኝ ረድፍ ሦስተኛ ተናጋሪ ሆና የተመደበችው የጨፋዋ ልጅ ነበረች። ከደዋ ጨፋ ገጠር የመጣች ስለሆነ እንደዚያ ነበር የምንጠራት። እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረችው። ከተማ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ትንሽ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሄዳ የሳምንት የማሽላ እንጀራ ስንቅ ይዛ የምትመለስ። በአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ በሂቦ የሚያሸንፋት አልነበረም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን ድምፅዋን ሰምተነው አናውቅም።

ወጣች። ሻሿን አስተካከለች። መምህሩን እያየች ጀመረች።

«ቲቸር፣ አንቺ የጠየቅሽው ጥያቄ…»

አለቀ! ክፍሉ ፈረሰ። አንዱ ዴስክ ላይ ተደፋ፣ አንዱ «ቲቸር አንቺ!» እያለ ደገመው። አፋን ኦሮሞ የምንችለው እናውቃለን፤ እዚያ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አንተና አንቺ የሚባል ጣጣ የለም። እያወቅን ሳቅን። እንዲያውም ከማንም በላይ የሳቅነው እኛው ሳንሆን አንቀርም፤ ከእሷ ጋር እንዳንቆጠር።

መምህሩ ጠረጴዛውን መቱ። ጸጥ አልን። እሷ አልተቀመጠችም። መሬት መሬት እያየች ቆማ ቀረች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሦስት ደቂቃው። መምህሩ ቀስ ብለው «በሚቀልሽ ተናገሪው» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ? በአማርኛ መምህር ፊት? «እኔ ባይገባኝ የሚነግረኝ አላጣም» አሉ።

በአፋን ኦሮሞ ተናገረች። ቃል በቃል ባንይዘውም እንዲህ ነበር። «እህቴ ሁለት ዓመት ሳዑዲ ሠርታለች። የቤታችን ቆርቆሮ እሷ ናት። የተከራየሁት ክፍል ኪራይ እሷ ናት። ይህ ደብተር እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ተመለሰች። ከተመለሰች ጀምሮ አታወራም። እናቴ ቡና ስታፈላ ወጥታ በረት ትቀመጣለች። የጠቀመው እኔን ነው፤ የጎዳው እሷን ነው። እኔ ጠቅሞኛል ብዬ ልከራከር? እሷ ቤት ቁጭ ብላ?»

ተቀመጠች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

የክፍሉን ገጽታ ብታዩት! ግማሹ ድርቅ ብሏል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ግማሹ ደግሞ የሳቁ ትራፊ ገና ፊቱ ላይ እንዳለ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ሁለት ክፍል ሆንን። ከሁለተኛው ዴስክ አንድ ልጅ ተነሥቶ መተርጎም ጀመረ። ስለ ቆርቆሮው ተረጎመ፣ ስለ ደብተሩ ተረጎመ። በረቱ ጋ ሲደርስ ዘለለው፤ ከበዶት ይሁን ረስቶት አናውቅም። እሷ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ በዚያው በሳቅንበት አማርኛ «በረት ትቀመጣለች፤ እሱን ትተሃል» አለችው። ማንም አልሳቀም።

በዚያ ቀን ነጥብ አልተሰጠም። መምህሩ ለሁላችንም የቤት ሥራ ሰጡን። «ነገ እያንዳንዳችሁ የማትችሉትን አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ።»

ዹጋ

በማግስቱ የቀረበውን ግርግር ልንነግራችሁ አንችልም። «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» የምንለው ተራ በተራ ቆመን ምላሳችንን ስናስተካክል ዋልን። ቀጥሎ የእሷ ተራ ደረሰ። ከአማርኛ ቃል መርጣ የምትመጣ መስሎን ነበር። እሷ ግን መምህሩን «ቃሉን ለእነሱ ብሰጣቸውስ?» ብላ ጠየቀች (በ«አንቺ»ም በ«አንተ»ም ሳትጠራቸው፤ ጥንቃቄዋን አያችሁ?)። ፈቀዱላት። ሰሌዳው ላይ በፊደል «ዹጋ» ብላ ጻፈች። ያቺ «ዸ» የምትባለው፣ አናቷ ላይ ምልክት ያላት ፊደል ለአፋን ኦሮሞ ድምፅ ተብላ የተሠራች ናት። ምላስ ወደ ላይ ታጠፍ ብላ፣ አየሩ ወደ ውስጥ እንደ መዋጥ ብሎ የሚወጣ ድምፅ። በአማርኛ ያደጉት ሞከሩ። «ዱጋ።» ተሳሳተ። «ጡጋ።» ተሳሳተ። አንዱ ሊውጠው ሞክሮ ትን አለው።

እሷ ሳቀች! በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየናት። ጥርሷ ቆንጆ ነበር።

መምህሩ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሏት። «እውነት» አለች።

ከዚያ በኋላ ስደትን የሚመለከተው ክርክር ሳይጠናቀቅ ቀረ። ግን ክበቡ እሷንና ያን አስተርጓሚ ልጅ ሚኒ ሚዲያ ላይ አስቀመጣቸው። እሷ በአፋን ኦሮሞ ትናገራለች፣ እሱ በአማርኛ ይከተላል። የትምህርት ቤት ዜና፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያ፣ ሂቦ። ቀስ በቀስ ይለዋወጡ ጀመር፤ እሷ በአማርኛ እሱ በአፋን ኦሮሞ። ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሲከበር ሁለቱ የሳዑዲ ተመላሾችን ነገር በአጭር ጭውውት ሠሩት። የሷ እናትና እህት መጥተዋል ተባለ። እኛ መድረኩን ትተን ከተሸፈኑት ሴቶች ውስጥ እህቷ የትኛዋ እንደሆነች ስንፈልግ ዋልን። አላወቅናትም። ሁሉም እሷን ይመስሉ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ማናችንም ይቅርታ አልጠየቅናትም። በዚያ ዕድሜ ይቅርታ ማለት ተሸነፍኩ ማለት ይመስላል። ማስቲካ አካፈልናት፣ ከፊት ወንበር ቦታ ያዝንላት፣ ስንቋን ተሸከምንላት። ቃሉን ግን አላልነውም። መናገር ስንማር በከረምንበት ዓመት!

ከዚያ ወዲያ

2007 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈተንን። ያን ጊዜ ማጣሪያው አሥረኛ ላይ ነበር፤ በኋላ ነው የቀረው። ውጤት ሲመጣ ከስልሳዎቹ ከፊሎቻችን መሰናዶ ገባን። የጨፋዋ ልጅ አልገባችም። አማርኛና አፋን ኦሮሞን በጥሩ ውጤት አልፋ፣ በእንግሊዝኛ በተጠየቁት ሌሎች ትምህርቶች ወደቀች። በክረምቱ «ሄደች» ተባለ። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከሚሴ ውስጥ «ሄደች» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። መንግሥት ከጥቅምት 2006 ጀምሮ ለሥራ ወደ ዐረብ አገራት መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. አልተነሣም። ስለዚህ በአውሮፕላን አልሄደችም። በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ጦርነት ወደጀመረባት የመን፣ ከዚያ በእግር። ያቺ በስሟ የኮራንባት ባቲ የመንገዷ መጀመሪያ ሆነች።

ከእኛ አንዷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጋዜጠኝነት አጠናች። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። የመመረቂያ ዓመቷን ኮሮና አዘግይቶባት በ2013 ተመረቀች። ስለ ስደት ዜና ጻፊ ስትባል ጣቶቿ ወዲያው የሚጽፉት የግራ ረድፉን ቃላት ነበር፤ «በሕገ ወጥ መንገድ»፣ «የተሳሳተ አመለካከት»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ»። ጽፋ ትጨርስና ታነበዋለች። ስለ ቆርቆሮ የሚል የለውም። ስለ በረት የሚል የለውም። የጨፋዋ ልጅ «እሱን ትተሃል» ያለችው ነገር ሁሌ እዚያ ጋ ይመጣል።

2013 ዓ.ም. ሌላም ነገር ሆነ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አጣዬና አካባቢዋ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ያ ሁሉ መስመር ደም ፈሰሰበት። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ አጣዬ ወደመች። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሷ ከሚሴ ደረሰ። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሆነውን ልንተርክላችሁ አንፈልግም። በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ልጆች የተባባሉትን አንጽፈውም። አሥር አሥራ አምስት ሰው ግሩፑን ጥሎ ወጣ። የቀረነውም ዝም አልን። ክፍሉ እንደገና ሁለት ክፍል ሆነ፤ በዚህ ጊዜ «ምን አለች?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳን አልነበረም። ሁሉም የሌላውን ነገር ሳይሰማ ያወቀ መስሎት ነበር።

ለሳምንታት ዝም ያለው ግሩፕ ላይ አንድ ሌሊት የድምፅ መልእክት ገባ። ከሪያድ ነው። አራት ደቂቃ ከምናምን። ከጀርባዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል። የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራች «አለህ? አለሽ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» ትላለች። የሁሉንም ስም። ጥለው የወጡትንም። እያንዳንዱን ስም ስትጠራ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ ትለዋለች፤ አንዴ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዴ በአማርኛ። አንተና አንቺውን አንድም ቦታ አልሳተችም።

መጀመሪያ የመለሰላት ያ አስተርጓሚ ልጅ ነው። «አለሁ» አለ። በሁለቱም ቋንቋ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። የወጡትን እየደወልን ጨመርን፤ ሁሉም አልተመለሱም። እስከ ዛሬም አልተመለሱም፤ ታርቀናል ብለን አንዋሻችሁም። ግን ሰሞኑን ያ ፎቶ የተለጠፈው እዚያ ግሩፕ ላይ ነው፤ ያንን ግሩፕ ያቆየችው ደግሞ እሷ ናት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ልከንላት ፈቃድ ጠየቅናት። አብረን ደግሞ ያን ያላልነውን ቃል ላክን። ስንት ዓመት ዘግይቶ። በድምፅ ነው የላክነው፤ በጽሑፍማ ይቀላል። እያንዳንዳችን ተራ በተራ፣ በሁለቱም አፍ። በአፋን ኦሮሞ ስንለው ከእኛ አንዳንዱ ምላሱ ተጠላልፎ ነበር።

በማግስቱ መለሰች።

«ሰምቻለሁ። ጻፉት። ግን ቲቸርን አንቺ ያልኩትን እንዳትተዉት፤ አሁን እኔም እስቅበታለሁ። የእህቴንም በረት እንዳትተዉት። አሁን ታወራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። እሱንም ጻፉት።»

ጽፈነዋል።